የአቶ ክሪስፒን ምዋዲሜ ሕይወትና መልሰው ያነሡት ፊርማ

የተከበራችሁ ካህናት፣ ከታይታ የወረዳችሁ ሽማግሌዎች፣ የኪሳውኒ ጎረቤቶች፣ የሥራ ባልደረቦች፣ ከቅርብም ከሩቅም ለቅሶ ልትደርሱ የመጣችሁ ሁሉ፤ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ መኪናውም አስከሬኑን ይዞ ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ውንዳኚ መንገድ ሳይጀምር፣ አቶ ክሪስፒን ምዋዲሜ ስድሳ አንድ ዓመት እንዴት እንደኖሩ ይነበብላችኋልና ጥቂት ታገሡ።

አብዛኛው እሳቸው ራሳቸው እየተናገሩ ታናሽ ልጃቸው ምሻይ በደብተር ላይ ያሰፈረችው ነው። ከማረፋቸው ከሦስት ሳምንት በፊት አልጋቸው አጠገብ አስቀምጠዋት፣ «ሌላውን እንደፈለጋችሁ አሳምሩት፤ የዚያን ሕንፃ ነገር ግን እንዳለ አንብቡት፤ አንድ ቃል እንዳትቀንሺ» ባሏት ጊዜ፣ «አባዬ፣ በለቅሶ ላይ የሰው ጥፋት ይነበባል እንዴ?» ብላ ጠይቃቸው ነበር። «የሌላ ሰው አይነበብም። የእኔ ግን ይነበባል፤ በዚያ ቤት ውስጥ ሰው እያደረ ነው» አሏት። ስለዚህ ከሚነበበው ውስጥ ለለቅሶ የማይገባ ነገር የሰማችሁ ቢመስላችሁ፣ የቤተሰቡ ድፍረት ሳይሆን የሟቹ ትእዛዝ መሆኑን እወቁ።

አቶ ክሪስፒን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም. በታይታ ኮረብታዎች፣ ከውንዳኚ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ከሚርቅ መንደር፣ ከአባታቸው ከአቶ ምዋዲሜ ምጋንጋና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዋኪዮ ተወለዱ። አባታቸው ቆላ ወርደው በቃጫ እርሻ ላይ የሚሠሩ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ወደ ቤት የሚመለሱ ሰው ስለነበሩ፣ ዝናብ የናደውን የእርከን ድንጋይ የሚመልሱት፣ የጣራውን ሣር የሚያስቀይሩት፣ ስድስቱንም ልጆች ያሳደጉት እናታቸው ነበሩ። ክሪስፒን ሦስተኛ ልጅ ሲሆኑ፣ ዝምተኛ፣ ነገር ግን አንድ ነገር ከያዙ የማይለቁ እንደነበሩ ታላቅ እኅታቸው ይመሰክራሉ፤ እናታቸውም «ይህ ልጅ አይሆንም ካለ በሬም አይጎትተው» ይሉ ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደራቸው በሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛውን ደረጃ በቮይ ከተማ ከጨረሱ በኋላ፣ በ1977 በባቡር ወደ ሞምባሳ ወርደው በሙያ ትምህርት ቤት ለሁለት ዓመት የግንባታ ሥራ ተማሩ። ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ያኔ ነው። የደጋ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው በጣታቸው ነክተው ቀመሱና፣ «ይኼን ሁሉ ጨው ማን ሊበላው ነው?» ብለው አብረዋቸው የወረዱትን ጓደኞቻቸውን አሳቁ።

በ1979 በከተማው አስተዳደር በመኖሪያ ቤቶች ተቆጣጣሪነት ተቀጠሩ። ሥራው ወረቀት ላይ ሲነበብ ቀላል ነው፤ ሰው ቤት ሲሠራ ፕላኑን ይዞ መሄድ፣ መሠረቱን፣ ፌሮ የሚባለውን የአርማታ ብረት፣ ኮለኑን ማለትም ምሰሶውን፣ ደረጃውንና ሽንት ቤቱን ማየት፣ ደንቡን ካሟላ መፈረም፣ ካላሟላ ማስቆም ነው። በሥራው ቦታ ላይ ግን ተቆጣጣሪን የሚወድ ሰው የለም፤ ውሻ የሚለቅ አለ፣ ባለቤቱ ሐጅ ሄደዋል የሚል አለ፣ መሰላሉን ደብቆ «ወደ ላይ መውጫ የለም» የሚልም አለ። አቶ ክሪስፒን በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ሱሪ በምስማር አስቀድደዋል፤ አንድ ጊዜም ካልደረቀ የወለል አርማታ ላይ ወጥተው ጫማቸውን እዚያው ትተው በባዶ እግራቸው ተመልሰዋል።

ሥራውን ያስተማሯቸው ባካሪ የሚባሉ፣ ከግንበኝነት ወደ ተቆጣጣሪነት የገቡ አዛውንት ነበሩ። በዚህ ከተማ ለቤት ጠላቱ የባሕር አሸዋ መሆኑን የነገሯቸው እሳቸው ናቸው። የወንዝ አሸዋ ከሩቅ በመኪና የሚመጣ፣ ውድ ነው፤ የባሕሩ አሸዋ ግን ደጅ ላይ ነው፤ የቸኮለ ባለቤት በጋሪ አስጭኖ ከአርማታው ይደባልቀዋል። ጨው ያለበት አርማታ በመጀመሪያው ዓመት እንደማንኛውም አርማታ ያምራል፤ ከዚያ ግን ውስጥ ለውስጥ ፌሮውን እየበላ፣ ዝገቱ እያበጠ፣ ኮለኑን ከሆዱ ይሰነጥቀዋል። አዛውንቱ ይህን ለማወቅ የሚጠቀሙበት መሣሪያ ምላሳቸው ነበር። እጃቸውን እስከ ክርን በክምሩ መሐል ይከቱና ከሥር ቆንጥረው ይቀምሳሉ፤ ጨው ጨው ካላቸው «አንሣ» ይላሉ። ከላይ የሚቀምስ ተቆጣጣሪ ሞኝ ነው፤ ላዩን ባለቤቱ በወንዝ አሸዋ ያለብሰዋልና።

አቶ ክሪስፒንም ይህን ልማድ ያዙ። የሞምባሳ ግንበኞች በዚህ ሲቀልዱባቸው ኖረዋል። «አለቃ፣ ዛሬ እንዴት ነው? ሎሚ ይጨመርበት?» ይሏቸዋል። «ሚስታቸው ምሳ አይሰጧቸውም መሰለኝ» ይላል ሌላው። እሳቸው ደግሞ ተፍተው አፋቸውን በመሐረብ ከጠረጉ በኋላ፣ «የእሷ ምግብ ጨው አይበዛውም፤ የአንተ ነው የበዛው፤ ክምሩን አንሣ» ብለው ይሄዱ ነበር።

እጅ መንሻ አልተቀበሉም ስንል ሰው ሁሉ በለቅሶ ላይ የሚባል ነገር ይመስለዋል። ከጎረቤት የሚያውቅ ስላለ አንዱን ብቻ እንናገር። ቤት የሚያሠራ አንድ ሰው እሳቸው ሳይኖሩ የምትታለብ ፍየል አምጥቶ በረት ውስጥ አስሮ ሄደ። ሲመጡ አይተው ወዲያው ገመዷን ፈተው ሲነሡ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ፍሎራ፣ «ቆይ፣ ጧት ልጆቹ የጠጡትን ወተትስ እንዴት አድርገህ ትመልሳለህ?» አሏቸው። ፍየሏን በእግራቸው እየነዱ ሦስት ኪሎ ሜትር ከሄዱ በኋላ፣ ለወተቱ ከመንገድ ዳር ሁለት ጠርሙስ ገዝተው አብረው አስረከቡ።

ወይዘሮ ፍሎራ ዋኬሾን ያገኟቸው በ1983 ሲሆን፣ መገናኛውም የሥራ ጉዳይ ነበር። ወይዘሮ ፍሎራ በኮንጎዌያ ገበያ አጠገብ በተከራዩት ክፍል ልብስ ይሰፉ ነበር። የክፍሉ ግድግዳ ወደ መንገድ ያዘነበለ በመሆኑ አቶ ክሪስፒን እንዲፈርስ አዘዙ፤ ልብስ ሰፊዋም የስፌት መኪናቸውን ተሸክመው ሜዳ ላይ ቀሩ። በሦስተኛው ቀን ቢሮ ድረስ ሄደው፣ «ያፈረሰ ሰው ደግሞ ይሠራል። መኪናዬን የት ላስቀምጥ?» ብለው ጠየቋቸው። አቶ ክሪስፒን ሌላ ክፍል ሲያፈላልጉላቸው ሁለት ወር ፈጀ፤ ባገኙት ክፍል ሁሉ ግድግዳውን እየቆረቆሩ «ይኼም አይሆንም» ይሉ ነበርና። ሽማግሌ ሲልኩ፣ «ሱቄን አፍርሰው ቤቴን ሊሠሩ ነው?» ብለው ሥቀው እሺ አሉ። በቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ሠላሳ አምስት ዓመት አብረው ኖሩ።

ከዚህም ጋብቻ ስቲቨን ምዋሺጋዲን፣ ዶርካስ ምጎይን፣ ኖኤል ምዋኪዮንና ምሻይን አፍርተዋል። ልጆቻቸው በአባታቸው ሲያፍሩ አድገዋል ቢባል ውሸት አይደለም፤ በሰው ሠርግ ላይ ሰው ሲጨፍር እሳቸው ኮለን ይቆረቁራሉ። ለስቲቨን ሚስት ሊጠይቁ የሄዱ ቀን፣ ሽማግሌዎቹ ገና ነገር ሳይጀምሩ ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ ማእዘኑ ሄዱና የልጅቷን አባት፣ «ይኼ በረንዳ መቼ ነው የተሠራው?» አሏቸው። የልጅቷ አባት ለአጎቷ በጆሮው፣ «ልጄን ነው ወይስ ቤቴን ነው የሚፈልጉት?» ማለታቸው እስከ ዛሬ ይወራል። በረንዳው ግን ታድሷል፤ ጋብቻውም ጸንቷል።

በ1996 የተቆጣጣሪዎች ኃላፊ ሆነው ተሾሙና አሥራ ሁለት ሰዎች በሥራቸው ሆኑ። ኃላፊ ከሆኑ በኋላ ከጠረጴዛ ኋላ መቀመጥ ይችሉ ነበር፤ ደንቡም አያስገድዳቸውም። ሆኖም እሳቸው ራሳቸው ያወጡት ሕግ ነበራቸው፤ ከሦስት ፎቅ በላይ የሆነ መኖሪያ ቤት ከሆነ፣ ተቆጣጣሪው ያመጣውን ሪፖርት ይዘው ራሳቸው ሄደው፣ ራሳቸው ወጥተው፣ ራሳቸው ከክምሩ ሥር ቀምሰው ካልሆነ አይፈርሙም። አዲስ ለሚቀጠር ሁሉ የሚነግሩት አንድ ነገር ነበር፤ «ቤቱ ወደ አንተ አይመጣም፤ አንተ ወደ ቤቱ ሂድ።»

አሁን እንዳለ ይነበብ ያሉት የሕንፃው ነገር ይነበባል።

በመጋቢት 2006 እናታቸው ወይዘሮ ዋኪዮ አረፉ። ቀብሩ ቅዳሜ ስለነበር አቶ ክሪስፒን ዓርብ በስምንት ሰዓት በሚነሣው አውቶቡስ መሄድ ነበረባቸው። በሰባት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቦርሳቸውን ይዘው ከቢሮ ሊወጡ ሲሉ፣ ሥራ ከጀመረ ሁለት ወር ያልሞላው ተቆጣጣሪ ምዋሪንጋ እየሮጠ መጣ። በኪሳውኒ የሚሠራው ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ኮለን አርማታ የሚሞላበት ቀን ደርሷል፣ ሠራተኞቹ ቆመው ይጠብቃሉ፤ እሳቸው መሄድ ስለማይችሉ አሸዋውን በጋዜጣ ጠቅልሎ አምጥቶላቸዋል። አቶ ክሪስፒን ጋዜጣውን ጠረጴዛቸው ላይ ፈተው ቆንጥረው ቀመሱ። የወንዝ አሸዋ ነበር፤ አንዳች ጨው የለበትም። ፈረሙና ወደ አውቶቡሱ ሮጡ። ኮለኖቹ በዚያው ቀን ተሞሉ። በኋላም በዚያ ፊርማ ላይ ሌሎች ፊርማዎች ተደራርበው፣ ሕንፃው የመኖሪያ ፈቃድ አገኘ፤ ሃያ ስድስት ቤተሰቦችም ገቡበት።

አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። በ2017 ታናሽ ልጃቸው ምሻይ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ፣ ከባሏ ከሳፋሪ ጋር የሚከራዩት ቤት ትፈልግ ነበር። ልጅቷ ስትወለድ ደካማ ስለነበረች፣ ምሻይ ከጣራ እስከ ወለል ሳታይ የምትገባበት ቤት አልነበረም፤ አንዱን እርጥበት አለው፣ ሌላውን ደረጃው መደገፊያ የለውም እያለች ሳፋሪን ሦስት ወር አንከራተተችው። በመጨረሻ በኪሳውኒ አንድ ሕንፃ በር ላይ፣ በመስታወት ውስጥ የተሰቀለ የፈቃድ ወረቀት አየችና ዝቅ ብላ ስታነብ የአባቷን ፊርማ አገኘች። «እዚህ እንገባለን» አለችው ሳፋሪን፤ «አባዬ የፈረመበት ቤት ነው።» ሳፋሪም፣ «ተመስገን፤ ቤት አጥተን አባትሽ ወደማይፈርሙበት ሌላ ከተማ ልንሰደድ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር» አለ። በሦስተኛው ፎቅ ሁለት ክፍል ተከራዩ።

አቶ ክሪስፒንና ወይዘሮ ፍሎራ የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ወይዘሮ ፍሎራ ቀድመው ወጡ፤ አቶ ክሪስፒን ግን አንደኛው ፎቅ ላይ ቀሩ። ምሻይ ልጇን ታቅፋ ወደ ደረጃው ብትወርድ፣ አባቷ የእሑድ ኮታቸውን አውልቀው መደገፊያው ላይ ሰቅለው፣ በቁልፋቸው ኮለኑን እየቆረቆሩ አገኘቻቸው።

«አባዬ፣ ዛሬ እንኳ ተወው» አለች።

«ይኼ ቀይ መስመር መቼ ነው የወጣው?»

«ስንገባም ነበር። ዝናብ ነው ብለውኛል።»

ልስኑን በቁልፉ ሲገፉት የእጅ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ወደቀ። ከሥሩ ያለው ፌሮ አብጦ እንደ በሰበሰ እንጨት ንብርብር ሆኖ ነበር። አቶ ክሪስፒን ከአርማታው ውስጥ አንዲት ነጭ ነገር በጥፍራቸው ፈልፍለው አወጡና በመዳፋቸው ላይ አስቀምጠው አሳዩአት፤ የሩዝ ፍሬ የምታህል ዛጎል ነበረች። ከወንዝ ዛጎል አይመጣም።

ወደ ላይ ወጥተው ልጅቷን ታቅፈው ሳሟት፤ ወንበር ሲሰጧቸው ግን አልተቀመጡም። «ልጄ፣ ዕቃሽን አሰናጂ። ዛሬ እኛ ጋ ታድራላችሁ» አሏት። ምሻይ፣ «ግን ያንተ ፊርማ አለበት እኮ» አለች። ሲወርዱ በሩ ላይ ቆመው ወረቀቱን አነበቡ። የየሥራው ቀን በየመስመሩ ተጽፏል። በኮለኑ መስመር ላይ ጣታቸውን አሳርፈው፣ «ያን ቀን እኔ አውቶቡስ ላይ ነበርኩ» አሉ።

በማግሥቱ ምዋሪንጋን ጠርተው ጠየቁት። ዛሬ እዚህ ከመካከላችን አለ፤ ይህ እንዲነበብ ራሱ ፈቅዷል። «አለቃ፣ እኔ ከክምሩ አልወሰድኩትም» አላቸው። «ፎርማኑ፣ ከሩቅ መጥተሃል፣ ተቀመጥ፣ ሻይ ጠጣ፣ እኔ አመጣልሃለሁ አለኝ። ጠቅልሎ ሰጠኝ። ሰው ለምን ይዋሸኛል ብዬ።»

«ሻዩ ጥሩ ነበር?» አሉት አቶ ክሪስፒን።

«በዝንጅብል ነበር።»

«እኔ ሻይም አልጠጣሁ» አሉ። «እኔም ተቀምጬ ነው የቀመስኩት፤ አንተም ተቀምጠህ ነው የተቀበልከው። ፊርማዬን ለማንሣት በማስገባው ደብዳቤ ላይ ግን የምጽፈው የእኔን ስም ነው፤ አንተ ያኔ አታውቅም፣ እኔ አውቅ ነበር።»

ጡረታ ሊወጡ ስምንት ወር ብቻ ቀርቷቸው ነበር። የበላያቸው የነበሩት ሰው ደብዳቤውን አንብበው፣ «አቶ ክሪስፒን፣ ባለቤቱ ስንጥቁን ያስለስነው። ልስኑ ጥሩ አድርጎ ይይዛል። አንተም በሰላም ጡረታህን ውጣ» አሏቸው። «ልስኑ ስምንት ወር ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ላለው ማን ይፈርማል?» ብለው መለሱ። ደብዳቤው ገባ። ከኃላፊነታቸው ተነሥተው፣ የቀሩትን ወራት በመዝገብ ቤት ፋይል በመደርደር አሳለፉ። ስንብት አልተደረገላቸውም፤ የመጨረሻውን ቀን ቁልፋቸውን ለጥበቃው ሰጥተው በእግራቸው ወደ ቤታቸው መጡ።

ከኃላፊነት ከመነሣታቸው በፊት ያዘዙት የመጨረሻ ሥራ በሕንፃው ላይ፣ ሰው እንዳይኖርበት የሚያስጠነቅቅ ቀይ የኤክስ ምልክት ማስቀባት ነበር። አንድም ሰው ግን አልወጣም። በዚህ ሰፈር ኤክስ የሌለበት ግድግዳ ጥቂት ነው፤ ሰው በኤክሱ ላይ ልብስ ያሰጣል። ስለዚህ በቅዳሜ ቀን ተከራዮቹን ግቢው ውስጥ ሰበሰቡና ነገሩን ከጋዜጣው ጥቅል ጀምረው ነገሯቸው። አንድ የባጃጅ ነጂ ከኋላ ተነሥቶ፣ «እንግዲያው ያጠፉት እርስዎ ነዎት። እርስዎ ይታሰሩ እንጂ እኛ ለምን እንወጣለን?» አላቸው፤ ሰውም ሣቀ።

«ልክ ነህ፤ ልታሰር እችላለሁ» አሉት። «ስታሳስረኝ ግን ውጭ ቆመህ አሳስረኝ። ከሥሩ ሆነህ አይደለም።»

ከዚያም ወደ ሦስተኛው ፎቅ ወጥተው የልጃቸውን አልጋ ፈቱና ሣንቃውን በራሳቸው ጀርባ ተሸክመው በሰዎቹ መካከል አወረዱት፤ ሳፋሪ ፍራሹን፣ ወይዘሮ ፍሎራ ድስቶቹን ይዘው ተከተሉ። የባጃጁ ነጂ ቀድሞ ከወጡት አንዱ ሆነ። በስድስት ሳምንት ውስጥ ሃያ ስድስቱም ቤተሰቦች ወጡ፤ አንዳንዶቹ ዝርፊያ የሚበዛበት ሰፈር ገብተው እስከ ዛሬ ይረግሟቸዋል። አቶ ክሪስፒን ይህንንም አስጽፈዋል፤ «የረገሙኝ ሰዎች በሕይወት ያሉ ናቸውና ደስ ይለኛል» ብለዋል።

ሕንፃው ግን አልወደቀም። ባለቤቱ ፈቃዱ እንዳይሰረዝበት ክስ መሠረተ፤ ጉዳዩ በቀጠሮ እየተገፋ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ውሳኔ እስኪሰጥም የፈቃዱ ወረቀት በበሩ ላይ እንዳለ ቀረ። አቶ ክሪስፒን ገበያ ሲወጡ፣ «አባባ፣ ቤትዎ ዛሬም ቆሟል!» የሚላቸው አይጠፋም ነበር። «ሰው ካልገባበት መቶ ዓመት ይቁም» ይሉ ነበር።

ባለፈው ጥር ባለቤቱ ሕንፃውን ሰማያዊ ቀለም አስቀባው፤ ኤክሱም ጠፋ። ኪራዩን በግማሽ ቀነሰና አራት ቤተሰቦች ገቡ። አቶ ክሪስፒን በዚያን ጊዜ በስኳር ሕመም አንድ እግራቸው ቆስሎ ነበር። ቢሆንም በየጧቱ በባጃጅ እየተወሰዱ ከሕንፃው ትይዩ ባለ ሱቅ በር ላይ ተቀምጠው፣ ዕቃ ይዞ ለሚመጣው ሁሉ፣ «እዚያ በር ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው፤ አትመነው» ይሉ ነበር። አንዳንዱ ያበዱ መስሎት ሳንቲም ሰጥቷቸዋል። ከገቡት ሦስቱ ቤተሰቦች ሰምተዋቸው ወጡ። በሁለተኛው ፎቅ የቀረችው ማሃምሪ የሚባለውን ጣፋጭ የሊጥ ጥብስ እየጠበሰች የምትሸጠው ማማ ሚሺ፣ ከሦስት ልጆቿ ጋር ናት።

ማማ ሚሺ ክፉ ሰው አይደለችም። ትምህርት ቤቱ ከደጇ ነው፣ ኪራዩም ለእሷ የሚመች ነው። «አባባ፣ ሌላ ቦታ ኪራዩን እርስዎ ይከፍሉልኛል?» አለቻቸው አንድ ቀን፣ መጥበሻዋን እንደያዘች።

«አልከፍልም፤ ክፍል ግን እሰጥሻለሁ። ከቤቴ ኋላ ሁለት ክፍል አለ።»

«እዚያ ልጅዎና ባሏ ይኖሩ የለም እንዴ?»

«እነሱ ወደ እኛ ክፍል ይገባሉ፤ ተነጋግረናል።»

«ሰው ከራሱ ልጅ ነጥቆ ለማሃምሪ ሻጭ ይሰጣል? ይልቅ እዚህ እየተቀመጡ ደንበኞቼን አያባርሩብኝ፤ በእርስዎ ምክንያት ሰው ወደ ላይ ቀና እያለ ነው የሚገዛኝ» አለችና ሁለት ማሃምሪ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻቸው። እሳቸውም ስኳር የከለከላቸውን ሐኪም ረስተው በሉ። በመጨረሻም፣ «የትልቋ ልጄ ፈተና ይለቅ፤ ከዚያ እናያለን» ብላ ቃል ሰጠቻቸው።

ፈተናው ሳይጀምር እግራቸው ባሰባቸው። ሆስፒታል ገብተው ዘጠኝ ቀን ታክመው፣ ቤቴ ውሰዱኝ ስላሉ ባለፈው ሰኞ ወደ ቤት ተመለሱ። ሐሙስ ጧት በሦስት ሰዓት ምሻይ ውኃ ስታጠጣቸው፣ «ሚሺ ወረደች?» ብለው ጠየቋት። አልወረደችም አለቻቸው፤ ለሚሞት ሰው መዋሸት አልቻለችምና። ዓይናቸውን ከድነው ጥቂት እንደቆዩ፣ ባለቤታቸው እጃቸውን ይዘው ሳሉ አረፉ።

አቶ ክሪስፒን ምዋዲሜ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ፍሎራ ዋኬሾን፣ አራት ልጆችን፣ ሰባት የልጅ ልጆችን፣ ታላቅ እኅታቸውንና ሁለት ወንድሞቻቸውን፣ ያስተማሯቸውን ተቆጣጣሪዎች ትተው አልፈዋል። በጠየቁትም መሠረት በእግዚአብሔርና በእናንተ ፊት እንዲህ ይባላል፤ በኪሳውኒ በሰማያዊው ሕንፃ በር ላይ ያለው የክሪስፒን ምዋዲሜ ፊርማ ተነሥቷል። ፍርድ ቤቱ ገና አላነሣውም፤ የፈረሙት ሰው ግን አንሥተውታል። ያያችሁ ላላዩት ንገሩ።

እግዚአብሔር አምላክ ነፍሳቸውን በማይናወጽ ማደሪያ ያሳርፍልን፤ የበደሉትን ይቅር ይበላቸው፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን። አሜን።

አንድ ነገር ቀርቷል። ማማ ሚሺ ትናንት ለለቅሶተኛው የጠበሰችውን ማሃምሪ በቅርጫት ይዛ መጥታ ከወይዘሮ ፍሎራ ጋር ስታለቅስ ከዋለች በኋላ፣ «ነገ እወርዳለሁ» ብላለች። ልጆቿ እዚህ ከኋላ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠዋል። የኋላው ክፍል ተጠርጓል። ሳፋሪ ለዕቃዋ የሚሆን መኪና ደጅ ላይ አቁሟል፤ አስከሬኑ የሚነሣው ዕቃዋ ወርዶ ካለቀ በኋላ ነው፤ ቤተሰቡ ተስማምቶበታል። ዕቃዋን ከሰማያዊው ሕንፃ የሚያወርዱ ስድስት ወንዶች ይፈለጋሉ። አልጋው ከባድ ነው፤ ቁም ሣጥንም አለ። ወንድሞቻችን፣ ደረጃው ላይ ግን ሁላችሁም አንድ ላይ እንዳትወጡ፤ ሁለት ሁለት ሆናችሁ፣ በግድግዳው በኩል፣ ቀስ ብላችሁ ውጡ።